«በጠፈር ላይ አቅጣጫ የለም» ለሚሉን ወገኖች

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆቻችን ቋንቋ፣ ስለ ዕድርና ስለ ማኅበር ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ጉዳይ ከዚያ ሁሉ የራቀ ይመስላል። «ታክሲ ነጂ ስለ ጠፈር ምን አገባው?» የሚል ቢኖር አልቀየምም። በአንድ በኩል አቅጣጫ የዕለት እንጀራዬ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ጎጃም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ብዕር ያስነሳኝ ግን ከሁለቱም ይልቅ አንድ ግብዣ ላይ የሰማሁት ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የምረቃ ሰሞን ሴንት ፖል ውስጥ አንድ ወዳጃችን ልጃቸውን አስመርቀው ደግሰው ነበር። ከምሳ በኋላ ቡናው ሲፈላ ልጅም አዋቂም አንድ ላይ ተቀምጦ ጨዋታው ደራ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ከመካከላችን ይበልጥ የተማረ ብላ የገመተችውን ሰው መርጣ አንድ ኢንጂነር ወዳጃችንን ጠየቀች። «ጋሼ፣ ስንጸልይ ወደ ምሥራቅ እንዞራለን፤ ሰማይም ላይ ነው ይሉናል። ጠፈር ላይ ያለ ሰውስ ወዴት ይዞራል?» አለቻቸው። እሳቸውም ሳቁና፣ «የኔ ልጅ፣ በጠፈር ላይ አቅጣጫ የሚባል ነገር የለም። ላይ፣ ታች፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ የምንለው ሁሉ ሰው የፈጠረው ተረት ነው። ሳይንስ ይህንን ጉዳይ ከዘጋው ቆየ» አሏት። ከጎናቸው የተቀመጡ አንድ አባት ደግሞ ቱግ ብለው፣ «ተያቸው ልጄ! ሳይንስ የሰው ወሬ ነው። ላይ ላይ ነው፤ ታችም ታች ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ አታብዢ» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ቶናው ተቀዳ፤ ወሬው ወደ ቤት ዋጋ ዞረ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «አባዬ፣ ሁለቱም እኮ አልመለሱልኝም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆኑ ወደ ምሥራቅ እንድንመለከት ሲያዝዝ፣ ሰው ሁሉ ቀና ሲል እሷ ጫማዋን ስታይ አየኋት።

እዚያ ግብዣ ላይ እኔ አፍ አልነበረኝም? ነበረኝ። ዝም ያልኩት ያንኑ የኢንጂነሩን ቃል እኔም አንድ ቀን ተናግሬው ስለማውቅ ነው። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን «ፕላዝማ» ያስታውሱ ይሆናል። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ለእኛ ለመምህራኑ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይተውልናል። ተማሪው ቢገባው ባይገባው መስኮቱ ውስጥ ያለው አስተማሪ አይጠብቅም። አንድ ቀን ስለ ስበት ትምህርት ሲሰጥ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እዚያ ላይና ታች ከሌለ መንኮራኩሯ ወደ ቤቷ የምትመለስበትን በምን ታውቃለች?» አለኝ። ፕላዝማው ወደሚቀጥለው ርዕስ አልፎ ነበር። እኔም ተጣድፌ፣ «ጠፈር ላይ አቅጣጫ የለም፤ ዝም ብለህ ጻፍ» አልኩት። ልጁም ጻፈው። ዛሬ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ምናልባትም ያንኑ ለልጁ እያስተማረ ይሆናል።

ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነው። በዚያች ደቂቃ ያ ትምህርት ይመጣ የነበረው ጣሪያ ላይ ከተተከለ ዲሽ ነበር። ነፋስ ገፋ ሲያደርገው ምስሉ ይጠፋል። የጥበቃ ሠራተኛው ጣሪያ ላይ ይወጡና፣ «መጣ?» ይላሉ። ክፍሉ በሙሉ፣ «አልመጣም!» ይላል። «አሁንስ?» «ትንሽ ወደ ግራ! መጣ! አይ፣ ሄደ!» ጠፈር ላይ ያለች አንዲት ሳተላይት የምትገኝበትን አቅጣጫ በየሳምንቱ በጩኸት ስንፈልግ ኖረን፣ ልጁን ጠፈር ላይ አቅጣጫ የለም አልኩት።

እንዲህ ዓይነቷ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትቀመጣለች። ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር ለእኛ የቆመች ትመስላለች። ከዚያ ርቀት ላይ ዲሽዎ አንዲት ዲግሪ ቢስት እይታው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህንን ከእኔ በላይ ያውቃል። ለዓመታት የከተማው ዲሽ ሁሉ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ወዳለው ናይልሳት ዞሮ ነበር። ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ሲመጣ ደግሞ ሠፈር ለሠፈር ሰው ጣሪያ እየወጣ ዲሹን ወደ ምሥራቅ አዞረ። እዚህም ቢሆን ስንቶቻችን ነን በረንዳው ወደ ሰሜን የዞረ አፓርታማ ተከራይተን ዲሽ መትከያ ያጣን? በሚኒሶታ እነዚህ ሳተላይቶች ሁሉ ያሉት በደቡብ በኩል ነው። አቅጣጫ ተረት ከሆነ፣ ያ ግድግዳ የአገራችንን ወሬ የከለከለን በምን ኃይሉ ነው?

አሁን ፍትሐዊ ልሁን። ኢንጂነሩ ወዳጃችን ከባዶ አልተነሡም። ከተናገሩት ውስጥ እውነት የሆነች ፍሬ አለች፤ እሷም «ላይ»ንና «ታች»ን የምትመለከት ናት። ግንበኛ ቱንቢውን ሲለቀው ገመዱ ወደ ምድር መሐል ያመለክታል። «ታች» ማለት ይኸው ነው፤ «ላይ» ደግሞ ተቃራኒው። እርስዎ እዚህ ሚኒያፖሊስ ቆመው ቱንቢ ይልቀቁ እንበል። አዲስ አበባ ያሉት እናትዎም በዚያችው ሰዓት ይልቀቁ። ሁለቱ ገመዶች አይገጥሙም። በመካከላቸው 111 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። እርስዎ እዚህ ቀጥ አድርገው ወደ ሰማይ የዘረጉት እጅ እናትዎ ካሉበት ሆኖ ለሚያሰላው ወደ ሰማይ የተዘረጋ አይደለም፤ ከአግድም በታች 21 ዲግሪ ያህል ያዘቀዘቀ ነው። የእሳቸውም እጅ ለእርስዎ እንደዚያው ነው። ሁለታችሁም «አቤቱ» ብላችሁ ወደ ላይ ስታንጋጥጡ ወደ አንድ ወገን እያያችሁ አይደለም።

ይህንን ለማወቅ መንኮራኩር አያስፈልግም። መጀመሪያ እዚህ አገር በመጣሁበት ዓመት ክረምት፣ ሌሊት ታክሲዬን አቁሜ ስጠብቅ የሰሜን ኮከብን ፈለግኋት። አዲስ አበባ ላይ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለምትል እንጦጦ ይጋርዳታል። እዚህ ግን ከአድማስ እስከ አናት ያለውን ሰማይ እኩሌታ ወጥታ 45 ዲግሪ ላይ ተሰቅላለች። ኮከቧ አልሄደችም። የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ስሄድም «ላይ» የምለው አብሮኝ ተጋደመ።

እንግዲህ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ «ላይ» የለም። እስከዚህ ከኢንጂነሩ ጋር ነኝ። የምንለያየው ከዚህ ቀጥሎ ነው። «ለሁሉም የሚሆን አንድ ላይ የለም» ከሚለው ተነሥቶ «እንግዲያስ አቅጣጫ የለም» ማለት፣ «ለዓለም ሕዝብ ሁሉ አንዲት እናት የለችምና እናት የሚባል ነገር ተረት ነው» እንደማለት ነው። የእያንዳንዱ ሰው እናት ሌላ መሆኗ እናትነትን ውሸት አያደርገውም። እንዲያውም «የማን እናት?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናል። አቅጣጫም እንዲሁ ነው። «ወዴት?» ከማለት በፊት «ከየት? ከምን አንጻር?» ይባላል። ይህ ደግሞ በጠፈር ብቻ የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ እኔ በየቀኑ የምነዳበት ሕግ ነው።

ከእኛ ከተማ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ሚኒያፖሊስ አድራሻ ሲነግሩዎ ቁጥርና የአቅጣጫ ስም ነው፤ ኢስት ይህን ያህልኛ ስትሪት፣ ሳውዝ ያን ያህልኛ አቬኑ። አዲስ የመጣ ሰው ይህ የተፈጥሮ ሕግ ይመስለዋል። መሐል ከተማ ሲገባ ግን መንገዶቹ የሚሲሲፒን ወንዝ ተከትለው የተጋደሙ በመሆናቸው «ሰሜን» የተባለው በትክክል ሰሜን አይደለም። አውራ ጎዳናውስ? 35 በርንስቪል ላይ ለሁለት ይከፈላል። በሚኒያፖሊስ የሚያልፈው 35 ምዕራብ፣ በሴንት ፖል የሚያልፈው 35 ምሥራቅ ይባላል። ስለዚህ ምልክቱ ላይ «35 ምዕራብ፣ ሰሜን» ተብሎ ተጽፎ ያገኙታል። የመጀመሪያ ሳምንቴን አልረሳውም፤ «ምዕራብ ልሂድ ወይስ ሰሜን?» ብዬ መውጫው አመለጠኝ፤ ተሳፋሪዬም አውሮፕላን ሊያመልጠው ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን «አቅጣጫ ትርጉም የለውም» አላልኩም። ምዕራብ የተባለው ከመንታ መንገዱ አንጻር ነው፤ ሰሜን የተባለው ከጉዞው አንጻር ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው።

አዲስ አበባስ? እዚያ «ወደ ሰሜን ሁለት ብሎክ» ብሎ መንገድ የሚያሳይ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? «ከአራት ኪሎ ወደ ላይ ውጣ፤ ፓርላማውን ትተህ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ወረድ ስትል…» ነው የሚባለው። «ላይ» ማለት እንጦጦ ነው፤ «ታች» ማለት ቃሊቲ ነው። ሁሉም ከታወቀ ነገር ተነሥቶ ይነገራል፤ ሰውም ያሰበበት ይደርሳል። ጠፈር ማለት እንደ ሚኒያፖሊስ ሳይሆን እንደ አዲስ አበባ ነው። የመንገድ ቁጥር የለውም፤ ምልክት ግን ሞልቶታል።

ይህንን የምለው ለቀልድ አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1972 ፓዮኒር 10 የተባለችውን መንኮራኩር ከፀሐይ ሥርዓት አልፋ እንድትሄድ ሲልኩ አንዲት የብረት ሰሌዳ ለጥፈውባት ነበር። ምናልባት ከሩቅ የሚያገኛት ቢኖር «ከየት መጣች?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ እንዲሆን ነው። ሰሜን ብለው እንዳይጽፉ ለዚያ እንግዳ የትኛው ሰሜን? ስለዚህ እንደ አዲስ አበባ ሰው አደረጉ። ፑልሳር የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ፍጥነት እየተሽከረከሩ የሬዲዮ ምት የሚልኩ 14 ኮከቦችን መረጡ፤ ፀሐያችን ከእነሱና ከፍኖተ ሐሊብ መሐል አንጻር የት እንዳለች በመስመር አመለከቱ። «ከእነ እንትና ቤት ፊት ለፊት» ማለት ይኸው ነው።

አቅጣጫ ባይኖር የሚሞት ሰው እንደነበረም ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1970 አፖሎ 13 ወደ ጨረቃ ሲጓዝ፣ ከምድር 320,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሳለ የኦክስጅን ታንኩ ፈነዳ። ውስጡ ጂም ላቬል፣ ጃክ ስዋይገርትና ፍሬድ ሄይዝ ነበሩ። ከፍንዳታው የወጣው ፍርስራሽ በዙሪያቸው እያብለጨለጨ ኮከብን ከስብርባሪ መለየት አቃታቸው። ስለዚህ አቅጣጫቸውን በፀሐይ አረጋገጡ። በኋላም ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒዩተሩን አጠፉት። ወደ ምድር አየር የሚገቡበት በር ከሁለት ዲግሪ ብዙም ያልሰፋ ነበር፤ በጣም ቢያዘቀዝቁ ይቃጠላሉ፣ በጣም ቢያቃኑ ደግሞ አየሩን ገጭተው ወደ ጠፈር ይመለሳሉ። መንገዳቸውን ማስተካከል ነበረባቸው። ላቬል በመስኮቱ ላይ ባለው የማነጣጠሪያ መስቀል ውስጥ ምድርን አስገቡ። ቀንና ሌሊት የሚለያዩበትን የምድር መስመር እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ ተጠቀሙበት። ሄይዝ አብረው ያዙ፤ ስዋይገርት በእጅ ሰዓት ቆጠሩ፤ ሞተሩ ለ14 ሴኮንድ ነደደ። ሦስቱም ቤታቸው ገቡ።

ያ የጎጃም ተማሪዬ የጠየቀኝ ይህንን ነበር። «ወደ ቤቷ የምትመለስበትን በምን ታውቃለች?» በፀሐይ፣ በኮከብ፣ በምድር ጠርዝ፣ እነዚህንም ተመልክቶ በሚይዝ ጋይሮስኮፕ ታውቃለች። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ መልስ ነበር።

የእኛው የራሳችን ነገር አለ ደግሞ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ታይዩዋን ማምጠቂያ ስትመጥቅ እንጦጦ ላይ ሰው በማለዳ ተሰብስቦ ይመለከት ነበር። 72 ኪሎ የምትመዝን፣ ምድርን ለማንሣት የተሠራች ሳተላይት ናት። ብዙዎቻችን እዚህ ሆነን በስልካችን አይተን ተደስተናል፤ አንዳንዱም ደመወዝ ያልጠገበ አገር ምን ሳተላይት ያስፈልገዋል ብሎ ተከራክሯል። ያንን ክርክር ለሌላ ቀን ልተወው። ግን እንዲህ ያለች ሳተላይት ካሜራዋን ወደ ምድር ማዞር ካልቻለች ምን ታነሣለች? ጨለማ። እርሻውንም ወንዙንም የምታየው ፊቷ ወደየት እንደሆነ ስለምታውቅ ብቻ ነው።

«ጠፈር ላይ ስበት የለም፤ ስለዚህ ታች የለም» የሚሉም አሉ። ይህም ስሕተት ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው የምድር ስበት እዚህ ካለው ዘጠና በመቶ ይጠጋል። ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት ከጣቢያቸው ጋር አብረው ያለማቋረጥ ወደ ምድር ስለሚወድቁና እየወደቁም ምድርን ስለሚስቷት ነው። ሰውነታቸው ግን ይደናገራል። በጆሮአችን ውስጥ ታችን የሚነግረን አካል ሥራ ይፈታል፤ ከግማሽ የሚበልጡት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቅለሸልሻቸዋል። ታዲያ ምን አደረጉ? «አቅጣጫ የለም» ብለው ተቀመጡ? የለም። የጣቢያውን ክፍሎች ፊት፣ ኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ጣሪያ፣ ወለል ብለው ሰየሙ። እሳት ቢነሣ «በዚያ በኩል» የሚለው ቃል የሞትና የሽረት ጉዳይ ነውና።

ወደ ምሥራቅ ልምጣ፤ ልጄን ያስቀየማት እሱ ነውና። ምሥራቅ ተረት ከሆነ ከፍሎሪዳ የሚተኮሱ ሮኬቶች አብዛኛዎቹ በአትላንቲክ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ለምንድን ነው? ምድር ራሷ ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር ነው። በምድር ወገብ ላይ ፍጥነቷ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ምሥራቅ የተተኮሰ ሮኬት ይህንን ያለ ነዳጅ በነጻ ያገኘዋል። አውሮፓውያን ማምጠቂያቸውን ከምድር ወገብ 5 ዲግሪ ብቻ በምትርቀው በኩሩ፣ ፈረንሳይ ጊያና፣ የሠሩትም ለዚህ ይረዳቸዋል። በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነዳጅ የሚያተርፍ ተረት እኔ አላውቅም። ማርስም ትሽከረከራለችና ምሥራቅ አላት፤ ፀሐይም እዚያ በምሥራቅ ትወጣለች። ቬነስ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እሷ ወደ ኋላ ስለምትዞር ፀሐይ በምዕራብ ትወጣባታለች።

እዚህ ላይ ያ ቱግ ያሉት አባት ደስ ይላቸው ይሆናል። ግን ለእሳቸውም ቃል አለኝ፤ ምክንያቱም የእሳቸው መልስ ከኢንጂነሩ የባሰ ነው። ኢንጂነሩ የተሳሳተ መልስ ሰጡ፤ እሳቸው ጥያቄውን ራሱን ከለከሉ። ይህንን ደግሞ አባቶቻችን አላደረጉትም። ዘመን የሚቀምሩበት ባሕረ ሐሳብ ሰማይ በማየት የተገኘ ነው። በግዕዝ ተጠብቆ የኖረልን መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት የምሥራቅ በሮችና የምትገባባቸውን ስድስት የምዕራብ በሮች ይቆጥራል። ምሥራቅ አንዲት ነጥብ ብቻ አለመሆኗን፣ ፀሐይ በየወሩ የምትወጣበት ስፍራ እንደሚፈራረቅ ቀድሞ ያየ ሰው ነበረ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ፀሐይ ከትክክለኛው ምሥራቅ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም 24 ዲግሪ ያህል ትሄዳለች። እዚህ ሚኒሶታ ግን 34 ዲግሪ። በጁን የጎረቤትዎ ጋራዥ ላይ ስትወጣ ያዩዋትን ፀሐይ በዲሴምበር ከመንገዱ ማዶ ቢያገኟት አይደነቁ።

አንዳንዶቻችንም «ወደ ምሥራቅ» ስንል በልባችን «ወደ አገር ቤት» ማለታችን ነው። ይህ ግን ሌላ አቅጣጫ ነው። ከሚኒያፖሊስ ወደ አዲስ አበባ በምድር ላይ አጭሩ መንገድ የሚጀምረው ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ 52 ዲግሪ ያህል ላይ ነው። ሙስሊም ባልደረቦቻችን ይህንን ጉዳይ በደንብ ያውቁታል። በሰሜን አሜሪካ ቂብላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው ወይስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተብሎ ብዙ ተከራክረዋል። የግድግዳ ካርታ ያየ ደቡብ ምሥራቅ ይላል፤ ምድር ክብ መሆኗን ያሰላ ግን ከሚኒያፖሊስ 44 ዲግሪ ያህል፣ ሰሜን ምሥራቅ ያገኛል። ልጄ ለጠየቀችው ጥያቄም እነሱ በትክክል መልስ ሰጥተውበታል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2007 ማሌዥያዊው ዶክተር ሼክ ሙስዛፋር ሹኮር ወደ ጠፈር ጣቢያ ሊሄዱ ሲሉ የአገራቸው የሃይማኖት ሊቃውንት ተሰብስበው መመሪያ አወጡ። ከተቻለ ወደ ካዕባ፤ ካልሆነ ከካዕባ በላይ ወዳለው የሰማይ ክፍል፤ ካልሆነ ወደ ምድር፤ ያም ካልሆነ ወደተቻለው። ጣቢያው በአንድ ሰዓት ተኩል ምድርን ስለሚዞር አንድ ስግደት ሳያልቅ ቂብላው ይዞራል። ሊቃውንቱ «ጥያቄ አታብዙ» አላሉም፤ «አቅጣጫ ተረት ነው»ም አላሉም። ቁጭ ብለው አሰቡበት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን የተማሪን ጥያቄ ያከበረ መምህር ባየሁ ቁጥር ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ለኢንጂነሩ ወዳጃችን አንድ ነገር ልመርቅ። ዓለሙ በጠቅላላው ሲታይ መሐል የለውም፤ የራሱ ሰሜንም የለውም። ይህ እውነት ነው፤ እሳቸው ሳይሰሙት አልቀሩም። ግን በዚያ ስፋት እንኳ የኛ ሠፈር ወደ አንድ ወገን እየሄደ ነው። ከዓለም መጀመሪያ በቀረው ብርሃን አንጻር ሲለካ ፀሐያችን ከእነ ምድራችን በሴኮንድ 370 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የቀድሞ ሊቃውንት አሰድ ወደሚሉት የአንበሳ ኅብረ ኮከብ ወገን ትጓዛለች። እርስዎ ይህንን ዐረፍተ ነገር አንብበው ሲጨርሱ ሁላችንም፣ ታክሲዬን ጨምሮ፣ ሺህ ኪሎ ሜትር አልፈናል።

ባለፈው ሳምንት ኤርፖርት ተራችንን ስንጠብቅ ባልደረቦቼን፣ «እስቲ ያለ ስልክ፣ አዲስ አበባን በጣታችሁ አሳዩኝ» አልኳቸው። አንዱ ፀሐይ ወደ ወጣችበት ጠቆመ። ሌላው አውሮፕላን ወደ ተነሣበት። አንድ ሶማሌ ወዳጃችን ከመኪናው ሳይወርድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጠቁሞ፣ «ጎረቤት አይደለን፣ በየቀኑ አምስቴ የምዞርበት ነው» አለ። ክርክሩ ተራችን እስኪያልፈን ደረሰ።

ማታ ቤት ገብቼ ይህንኑ ለልጄ ነገርኳት፤ የቱንቢውንም፣ የ111 ዲግሪውንም፣ ሁሉንም አስረዳኋት። ወረቀት አምጥታ ክብ ሠራች፤ ሁለት ነጥብ አደረገች፤ በሁለቱ መካከል ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። ከዚያ ተነሥታ ፊቷን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዞረችና ጣቷን ወደ ምንጣፉ ቀሰረች፤ ከአግድም በታች 55 ዲግሪ ያህል።

«አያቴ እዚያ ናት» አለችኝ። «መንገድ ላይ የታችኛው ፎቅ ሰዎች አሉ እንጂ።»